ሰሌዳው ከመቀየሩ በፊት

ሩሐማ ለይኩን ጅማ ከተማ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ሰፈር በተከራየችው ክፍል ውስጥ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ አልጋዋ ላይ በጀርባዋ ተንጋላ ሞታ ተገኘች። ትራሱ ፊቷ ላይ ነበር። ያገኟት አከራይዋ እማማ ፍቅር ናቸው። ሥራ እንዳይረፍድባት ብለው በሩን ሲያንኳኩ በራሱ ተከፈተላቸው።

ኢንስፔክተር አብነት ሲደርስ ጎረቤቱ ግቢውን ሞልቶታል። ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ ስለነበር ጭቃው ላይ የነበረ ዱካ ሁሉ በተመልካች ተረግጦ ጠፍቷል። አንዱ በሰው ትከሻ ላይ ተንጠራርቶ ክፍሉን በስልኩ ይቀርጻል።

«መኪናዋን ነው የወሰዱት አይደል?» አለ ሌላው። «ቪትዝ እኮ ሌባ ይወዳታል። ውጭ አታሳድሪያት ብያት ነበር።»

አብነት ዞር ብሎ አየው። ልጅቷ ገና አልተሸፈነችም። በፖሊስነቱ ሬሳ ማየት ለምዷል፤ ያልለመደው ሬሳው ዙሪያ የሚቆመውን ሰው ነው።

«ኩመራ፣ ይህን ሁሉ ሰው አውጣልኝ።»

ሳጅን ኩመራ በኦሮምኛም በአማርኛም እየጮኸ ሰዉን ወደ በሩ ገፋው። አብነት ክፍሉን ቃኘ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት የሻይ ብርጭቆና ያልተነካ ዳቦ አለ። ፍራሹ ተቀዷል፤ መጻሕፍቱ ተበትነዋል፤ የስኳር ጣሳው ሳይቀር ወለሉ ላይ ተገልብጧል። ላፕቶፑ ግን እንዳለ ነው። ስልኳ የለም።

«ላፕቶፕ ትቶ የስኳር ጣሳ የሚገለብጥ ሌባ አይተህ ታውቃለህ?» አለ አብነት።

«የፈለገው ትንሽ ነገር ነው» አለ ኩመራ። «ጣሳ ውስጥ የሚገባ።»

እማማ ፍቅር በረንዳው ላይ ኩርምት ብለው ያለቅሳሉ። የሚያውቁትን ጠየቃቸው። ሩሐማ ከአዲስ አበባ ተዛውራ የመጣች፣ ኮሌጅ ውስጥ አዋላጅ ነርሶችን የምታስተምር ልጅ ነበረች። ተማሪዎቿን ለማየት አጋሮም ሰቃም ወዳሉ ጤና ጣቢያዎች ትመላለስ ስለነበር አጎቷ መኪናውን አዋሳት።

«አጎቷ ደግ ሰው ናቸው» አሉ እማማ ፍቅር። «'ጅማ የምትኖሪ ከሆነ የኦሮሚያ ሰሌዳ አውጪባትና እንደራስሽ ንጂያት' አሏት። በዚያ ጉዳይ ስትሯሯጥ ነበር የሰነበተችው። ሱፊያን ከሚባል ደላላ ጋርም ተጣልታለች። እዚሁ በር ላይ 'አንተ ሌባ' እያለች ሰድባዋለች።»

«ሌላ የሚመጣ ሰውስ?»

«ዘላለም የሚባል አስተማሪ አለ። ጓደኛዋ ነው። ትናንት አመሻሽ ላይ እንግዳ ነበራት፤ ግን ማን እንደሆነ አላየሁም። በራፌን ዘግቼ ነበር።»

ወደ ኮሌጁ ሲደወል ዘላለም የዛሬ ጠዋት ክፍሉን ሳያስተምር ቀርቷል፤ ስልኩም አይሠራም ተባለ።

*

ቀትር ላይ መኪናዋ ተገኘች። በአዲስ አበባ መንገድ፣ ከአሰንዳቦ ወዲህ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ የባሕር ዛፍ ጥሻ ውስጥ ተቃጥላለች።

ሲደርሱ ሁለት ሰዎች ሥሯ ተንበርክከው የጎማ ብሎን ይፈታሉ። ፖሊስ ሲያዩ እንኳ አልሸሹም።

«የሞተች ልጅ መኪና ናት» አላቸው አብነት።

«ለሷ ከእንግዲህ ምን ያደርግላታል?» አለው አንደኛው ቁልፉን ሳያስቀምጥ።

ኩመራ በአንገቱ ይዞ አነሳው። አብነት ምራቁን ወደ ጎን ተፍቶ መኪናዋን ዞራት። ወንበሮቹ ግማሽ ተለብልበዋል። የፊት ኮፈኑ ግን ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ራዲያተሩና መብራቶቹ የነበሩበት ቀልጦ አንድ ሆኗል።

«ቤንዚኑን ያፈሰሰው ከፊት ነው» አለ። «ኮፈኑን ከፍቶ።»

«ሌባ ከሆነ ለምን ያቃጥላታል? ይሸጣት የለ?»

«ሌባ አይደለማ። ይህች መኪና እንዳትታይ የፈለገ ሰው ነው።»

*

ሱፊያን መንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ደጃፍ፣ ዛፍ ሥር ጫት ይዞ ተቀምጦ ነበር። ከጽሕፈት ቤቱ ጋር አንዳች ግንኙነት የለውም፤ ከውጭ ሆኖ ጉዳይ አስጨርሳለሁ የሚል ሰው ነው። ሲፈተሽ የሩሐማ መኪና ሊብሬ ከኪሱ ወጣ።

«ወላሂ አልነካኋትም!» አለ ፊቱ ነጥቶ። «ሰሌዳ አስቀይርልኝ ብላ ራሷ ነው የሰጠችኝ።»

«ለምን ሰደበችህ?»

«መልስልኝ ስትለኝ እምቢ ስላልኳት ነው። ነገሩ ሁሉ አልቆ ነበር እኮ! ሌላ ጊዜ ባለንብረቱ ውክልና ስጥ ሲባል ያለቅሳል፤ የዚህችኛው አጎት ግን ሳይጠየቅ ነው የላከው። ምርመራ አስገብቶ ሰሌዳውን መቀየር ብቻ ነበር የቀረው። ድንገት መጥታ 'ተወው፣ አልፈልግም' አለችኝ።»

«መቼ ነው ሐሳቧን የቀየረችው?»

«ለምርመራ እንድትደርስ ብዬ ጋራዥ ወስጃት ነበር። ከጋራዥ ስትወጣ ሌላ ሰው ሆና ወጣች።»

«ትናንት ማታስ የት ነበርክ?»

«ጅሬን፣ የአጎቴ ልጅ ሠርግ ላይ። ቪዲዮ አለ።»

ቪዲዮው ነበር። ሱፊያን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲጨፍር ይታያል። አብነት ሊብሬውን ተቀብሎት ሊሄድ ሲል ደላላው እጅጌውን ያዘው።

«ኢንስፔክተር፣ ለሩጫዬ ማነው የሚከፍለኝ? ቤተሰቧ ይመጣሉ?»

አብነት እጅጌውን ነጥቆ ሄደ። ከዚያ በላይ ቢቆይ በጥፊ እንደሚመታው አውቆታል።

*

የጋራዡ ባለቤት ገመቹ ይባላል። ኩመራ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥቶት ነገሩን ሲነግረው እጁን በጨርቅ መጥረጉን አቆመ።

«ዋቃዮ!» አለ። «ያቺ ልጅ? ሞተች?»

«እዚህ ምን ሆነች?» አለው አብነት።

«ራዲያተሯ ያፈስ ነበር። ፈትቼ ሳወጣው ከኋላው፣ ክፍተቱ ውስጥ ጨርቅ የመሰለ ነገር ተወትፎ አገኘሁ። ሰማያዊ ሹራብ ነው። እጅጌው። ደም ደርቆበታል፤ ጸጉርም ነበረው።»

ኩመራ ፊቱን አዞረ።

«እንዳትደነግጥ ብዬ 'ውሻ ገጭተው ይሆናል' አልኳት። 'ውሻ ሹራብ ይለብሳል ወይ?' አለችኝ። ከዚያ እዚያ ጎማ ላይ ቁጭ አለች። ኮፈኑና አንዱ መብራት በቅርብ የተቀየሩ መሆናቸውን ጠይቃኝ አዎ አልኳት። እጅጌውን በፌስታል ይዛ ሄደች።»

«የልጅ ሹራብ ነው?»

ገመቹ በእጁ መጠኑን አሳየ። ከክንዱ ግማሽ አይደርስም።

*

አመሻሹ ላይ እናቷና አጎቷ ከአዲስ አበባ ደረሱ። እናቷ ወይዘሮ ሸዋረገጥ ሆስፒታሉ ደጅ ላይ በወንድማቸው ክንድ ተደግፈው ቆመዋል። አጎቷ አቶ ተክለጻድቅ ረጅም፣ ሽበታም፣ ነጠላ ያጣፉ፣ የሰፈራቸው ሰው ሁሉ እጅ የሚነሳቸው ሽማግሌ ናቸው።

«መጨረሻ የተነጋገራችሁት መቼ ነው?» ሲል አብነት እናቲቱን ጠየቃቸው።

«ከትናንት ወዲያ ማታ ደውላልኝ ነበር። ለደህንነት ነው።» ቀና ብለው ወንድማቸውን አዩ። «ወንድም ጋሼ፣ እርስዎ ይንገሩት። እኔ መናገር አቃተኝ።»

«እኔ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ጨጓራዬ ተነስቶብኝ እህቴ ቤት ነበር የተኛሁት» አሉ አቶ ተክለጻድቅ በረጋ ድምፅ። «እስከ ዛሬ ጠዋት እሷ ናት ያስታመመችኝ። መርዶውንም እዚያው ሆነን ነው የሰማነው።»

«እውነት ነው» አሉ ሸዋረገጥ መሬት መሬት እያዩ። «እኔ ቤት ነበር።»

አስከሬኑን ተረክበው ሊሄዱ ሲሉ አቶ ተክለጻድቅ አብነትን ወደ ጎን ሳቡት።

«ልጄ፣ መኪናዋ ተቃጥላ መጥፋቷን የሚገልጽ ደብዳቤ መቼ ይደርስልኛል? መንገድ ትራንስፖርት ያለው ፋይሏ እንዲዘጋልኝ ነው።»

«ኢንሹራንስ ሊጠይቁባት?»

«የለም፣ የለም። ኢንሹራንሱ ይቅርብኝ። ፋይሏ ብቻ ይዘጋ።»

የእህታቸው ልጅ ሬሳ ሳጥን ገና መኪናው ላይ እየተጫነ ነው። አብነት የሰውየውን እጅ ከትከሻው ላይ አነሳና ደብዳቤው ምርመራው ሲያልቅ እንደሚጻፍ ነገራቸው። ጠረጠራቸው። ግን ጥርጣሬ ማስረጃ አይሆንም፤ የተክለጻድቅ ስልክም በማግስቱ ሲጣራ ሁለቱን ሌሊት ሙሉ አዲስ አበባ፣ እህታቸው ሰፈር እንደነበረ ታወቀ። ከዚሁ ጋር አንድ ሌላ ነገር ወጣ። ሩሐማ ለእናቷ የደወለችው ለደህንነት ብቻ ከሆነ ረጅም ደህንነት ነበር። እናቷም ስልኩን እንደዘጉ ወዲያው ለወንድማቸው ደውለዋል።

*

ዘላለም አጋሮ፣ እህቱ ቤት ተደብቆ ተገኘ። ከቡና መጋዘኑ ጀርባ ባለች ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ፖሊስ ሲያይ እጁን ዘረጋ።

«ለምን ሸሸህ?» አለው አብነት።

«ፈራሁ። እሷን ከገደሉ እኔንም የሚገድሉኝ መሰለኝ።» ከፍራሹ ሥር ፌስታል አወጣ። «ግማሹን ቆርጣ እንዳስቀምጥላት ሰጥታኝ ነበር። 'አንዱ ቢጠፋ' አለችኝ።»

ፌስታሉ ውስጥ የሰማያዊ ሹራብ እጅጌ ግማሽ አለ። ክርኑ ላይ ተቀዶ ኖሮ ትንሽ ደመቅ ባለ ሰማያዊ ክር ተሰፍቷል። አንዲት እናት መብራት አጠገብ ሆና የሰፋችው መሆኑ ያስታውቃል።

«ለምን ወደኛ አልመጣችም?»

«ልትመጣ ነበር። 'መጀመሪያ ለእናቴ ልንገራት፣ ወንድሟ ነውና ከሰው አትስማው' አለች። በማግስቱ ሳገኛት 'እናቴ ጠብቂ ብላኛለች፣ የሚያስረዳኝ ሰው ይመጣል' አለችኝ።»

«ማን?»

«አልነገረችኝም።»

«ይህን ይዘህ አንተስ ለምን ዝም አልክ?»

ዘላለም አለቀሰ። አብነት ሊያጽናናው አልቻለም። ጎልማሳ ሰው ነው፤ የሞተች ጓደኛውን አደራ ፍራሽ ሥር ከቶ ተኝቶበታል።

*

አብነት ወደ እማማ ፍቅር ተመለሰ።

«ያን ዕለት አመሻሽ የሰሙት ድምፅ የለም? አንዲት ቃል ብትሆንም።»

አሮጊቷ አሰቡ። «የሰውየው ድምፅ ዝቅ ያለ ነው፤ አልሰማሁትም። እሷ ግን እያለቀሰች ነበር። 'እርስዎ ልጅዎ ቢሆን ዝም ይሉ ነበር?' ስትል ሰምቻለሁ። የኮሌጅ አለቃዋ መስሎኝ ነበር።»

ኩመራ ወደ ውጭ ሲወጡ ራሱን ነቀነቀ። «ሱፊያንን አንተ ነው የምትለው። ዘላለምንም አንተ።»

«ሻይና ዳቦ ያቀረበችለት፣ እያለቀሰች እንኳ እርስዎ የምትለው ሰው ነው» አለ አብነት። «ልጅ ያሳደገች እህቱ ሳትቀር እርስዎ የምትለው ሰው። ስልኩ እህቱ ቤት ነበር እንጂ እሱ አልነበረም።»

«እናትየዋ ነበር ብላለች እኮ።»

«አዎ» አለ አብነት። «የገዛ እናቷ።»

ከዚያ በኋላ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ወዳሉ ጣቢያዎች ሁሉ ደወሉ። ሰማያዊ ሹራብ የለበሰ ልጅ ገጭቶ ያመለጠ መኪና። ከወሊሶ ማዶ ካለች ትንሽ ከተማ መልስ መጣ። ባለፈው ዓመት ትምህርት ሊዘጋ ሲል ሮሆቦት የምትባል ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተገጭታ ሞታለች። ያዩ ሰዎች የያዙት የመኪናዋን ግራጫነትና የአዲስ አበባ ሰሌዳ መያዟን ብቻ ነበር። ሊብሬው ላይ የተጻፈውም ቀለም ግራጫ ነው።

*

ከቀብሩ በኋላ አቶ ተክለጻድቅና እህታቸው ቃላቸውን ጽፈው እንዲፈርሙ ጅማ ተጠሩ። ተክለጻድቅ ቀድመው ገቡ። አብነት እጅጌውን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሰውየው ለአፍታ ዓይናቸው ፈጠጠ። ሙሉውን ወስደው ያቃጠሉት መስሏቸው ነበርና። ወዲያው ግን ተረጋጉ።

«ይህ ክር ነው» አሉ። «መኪናዋን ብዙ ሰው ነድቷታል። እኔ በዚያ ዕለት እህቴ ቤት ነበርኩ። እሷን ጠይቃት። ደብዳቤዬንስ ጻፍክልኝ?»

«ውጭ፣ ግቢው ውስጥ ይጠብቁ» አለ አብነት። ጥርሱን ነክሶ ነበር።

ኮሪደሩ ውስጥ ያለው አንድ አግዳሚ ወንበር ብቻ ነው። ሸዋረገጥ ተራቸውን እየጠበቁ ተቀምጠውበታል። እጅጌውን እንድታይ የተጠራችው የሮሆቦት እናት ውቢትም ከወሊሶ ማዶ ደርሳ አጠገባቸው ተቀመጠች። አብነት በበሩ ክፍተት አያቸው። ሊለያቸው ይችል ነበር፤ አልለያቸውም።

ውቢት ጥቁር የለበሱትን ሴት አየቻቸው። «ልጅ ነው የሞተብዎት?»

«አዎ።»

«የኔም። መኪና ገጭቶብኝ።» ወደ ሴትየዋ ዞረች። «ነፍሷ አልወጣም ነበር። ጤና ጣቢያው እኮ ቅርብ ነው። አዝዬ ስሮጥ 'እማ፣ ጫማዬ ወደቀ' ትለኛለች። ያ ሰውዬ ቆሞ ቢያደርሰን ትድን ነበር ብለውኛል። የእርስዎን ልጅ ምን አገኛት?»

«ሰው ገደላት።»

«ተያዘ?»

ሸዋረገጥ ዓይናቸውን ወደ በሩ መለሱ።

ውቢት እጃቸውን ያዘችው። «አይዞዎት፣ ይያዛል። የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። የእናትን አንጀት እያየ፣ እያወቀ ዝም የሚል ሰው የለም።»

ሸዋረገጥ እጃቸውን ከውቢት እጅ አላቀቁና ተነሱ። ሳይጠሩ በሩን ከፍተው ገቡ።

«የምፈርመው የለኝም» አሉ ቆመው። «ወንድም ጋሼ እኔ ቤት አላደሩም።»

አብነት ወንበር ሳበላቸው። አልተቀመጡም።

«ሩሐማ ደውላ ሁሉን ነገረችኝ። 'መኪናዋ ሰው ገድላለች፣ ፖሊስ ጋ እሄዳለሁ' አለች። እኔ... ወንድሜ ነው ያሳደገን። ያለሱ ማን ነበረን? ደወልኩለት። መጣና ልጅቷን መግጨቱን አመነልኝ። ሰሌዳዋን አስቀይሪ ብሎ ለልጄ ያዋሳትም ለዚሁ ነው። 'ጠብቂኝ በያት፣ ሄጄ አስረዳታለሁ' አለኝ። ደውዬ ጠብቂ አልኳት። ጠበቀችው።»

«ስልኩስ?»

«እኔ ቤት ትቶት ንጋት ላይ በአውቶቡስ ሄደ። 'የጠየቀሽ ቢኖር ታሞ ተኝቷል በይ' አለኝ። በማግስቱ ጠዋት በጭነት መኪና ተሳፍሮ ተመለሰ። ቤንዚን ቤንዚን ይሸት ነበር። ሸሚዙን አጠብኩለት።» የነጠላቸውን ጫፍ በእጃቸው ጨመቁ። «ሩሐማ ሞተች ተብሎ ሲደወልልኝ ሸሚዙ ገመዱ ላይ ገና አልደረቀም ነበር።»

«ያን ጊዜ አላወቁም?»

«አወቅኩ» አሉ ሸዋረገጥ።

አብነት ብዕሩን አስቀመጠ። ነፍሰ ገዳይ ብዙ አይቷል። አንዲት እናት የልጇን ገዳይ ሸሚዝ አጥባ፣ በክንዱ ተደግፋ ልጇን ስትቀብር ግን አላየም። ኩመራን ጠርቶ ተክለጻድቅን እንዲያመጣቸው አዘዘው።

ኩመራ ተክለጻድቅን ከግቢው ውስጥ ካቴና አስገብቶ አመጣቸው። ሰውየው በኮሪደሩ ሲያልፉ ከክፍሉ የሚወጡ እህታቸውን አዩ።

«ሸዋዬ፣ እህቴ፣ ምን ብለሽ ነው?» አሉ። ከዚያ ወደ አብነት ዞሩ፤ አሁንም የሽማግሌ ድምፃቸው አልተለወጠም። «እስቲ አስበው ልጄ፣ ያቺን ተማሪ ገጭቼ ብቆም ምን እጠቅማት ነበር? አንዴ ሆኗል። ሩሐማንም ለምኛት ነበር እኮ። ለቤተሰቡ ስም ስትል እንድትተወው፣ እግሯ ላይ ወድቄ ለመንኳት። እምቢ አለች።»

«ውሰደው» አለ አብነት።

ውቢት ከወንበሩ ተነስታ ቆማለች። የሰውየውን ጀርባ እስኪሰወር ድረስ አየችው። ከዚያ ወደ ሸዋረገጥ ዞረች።

«ወንድምሽ ነው?» አለቻቸው። እርስዎ ማለቱን ትታዋለች።

«አዎ።»

«ልጄን እንደገደለ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ልጅሽንም?»

ሸዋረገጥ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። የወንበሩን ጫፍ ሊደገፉ እጃቸውን ዘረጉ። ውቢት የተዘረጋውን እጅ አየችው። ቅድም የያዘችበትን የራሷን መዳፍ በቀሚሷ ጎን ጠረገች፤ ደግማ ጠረገች። ከዚያ አግዳሚውን ትታላቸው ወደ ኮሪደሩ ማዶ ሄደችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆመች።